አጥሩ የጎበጠበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ወረታ ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወልዳ ልጠይቃት ሄድሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። በሩን ገፋ አድርጌ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከማለቴ በፊት ሽታው ቀደመኝ፤ የጤና አዳም፣ የገንፎ ቅቤ፣ የአራስ ልጅ ራስ፣ ከነዚያ ሁሉ ሥር ደግሞ የረጠበ ግድግዳ። ሰው ቢያየኝ እብድ ነበር የሚለኝ፤ ደጃፉ ላይ ቆምሁና ዐይኔን ወደ ወለሉ ጣልሁ። ውሃ ገብቶ እንደሆነ ነው የማየው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ቤቱም ፎቅ ላይ ነው! «ምነው ትርንጎ፣ ግቢ እንጂ፤ ምን ጠፋሽ?» ትለኛለች ባልደረባዬ። «ምንም» አልኋትና ገባሁ። ገንፎው ግን አልወርድ አለኝ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ክረምት ፊቴ ላይ ቆሞ ዋለ።

ያን ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ርብ ወንዝ ዳር ነው። ሜዳ ስል ሜዳ ነው፤ ዶሮ ብትቆም ከሩቅ ትታያለች። እኛ ካለንበት ቆሞ ለሚያይ ሰው ከፍ ያለ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ደብራችን የተተከለበት ጉብታ። ክረምት ሲገባ የጉናን ተራራ ያጠበው ውሃ ወደኛ ይወርዳል፤ ሐይቁ ደግሞ ከወዲያ ጠግቦ አልቀበልም ይላል። እኛ መሀል ነን።

የኛ አገር ሰው ውሃ ይፈራል ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። ይጠብቀዋል። ሩዝ የሚዘራ ሰው የሚያለቅሰው ውሃ የቀረበት እንደሆነ ነው። አባቴ ደሴ ከማሳ ሲገባ እግሩን ደጃፍ ላይ እየታጠበ «ዛሬስ ጥሩ ውሃ ነው» ይላል። ጥሩ ውሃ ማለት ቀስ ብሎ መጥቶ፣ ማሳው ላይ ሰንብቶ፣ ለም ጭቃውን ትቶልን የሚሄድ ነው። ክፉው ውሃ ደግሞ ሳይጠራ መጥቶ ሳይሰናበት ይሄዳል፤ ሲሄድም ግድግዳ ይዞ ነው። እኔ ታዲያ ሁለቱን እንደ ሁለት እንግዳ ነበር የማስባቸው። አንዱ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ሌላው ሰካራም አጎት። ሲመጡ በመልክ የምለያቸው ይመስለኝ ነበር።

እናቴ እናኑ ፍልሰታ እንደተያዘ ወለደች። ሴት ልጅ። ያዋለዷት ጎረቤታችን እትዬ ጦቢያ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ አፋቸው ቃሪያ የሆነ ሴት። አራስ ቤት ውስጥ ንጉሡ እሳቸው ናቸው። አባዬ እንኳ ሳይፈቅዱለት አይገባም። እኔን ከእናቴ መደብ አጠገብ አስቀመጡኝና ሥራዬን ነገሩኝ።

«ስሚ ትርንጎ። አራስ ብቻዋን አትተውም። ቀትር ላይ ከደጅ አትወጣም። ወራጅ ውሃ አትሻገርም። ቢላዋው ከትራሷ ሥር አይነሣም። ልጅቱ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ደብር አትረግጥም፤ ሴት ናትና ሰማንያ ቀን። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«በይ ድገሚው።»

ደገምሁት። የቢላዋውን ነገር ግን በልቤ ለራሴ ፈታሁት። ብረት ክፉ መንፈስ ያርቃል ብሎ ማን ነግሮኝ! ውሃው ከመጣ ሊቆረጥበት ነው ብዬ ነበር የማምነው።

እናቴ መደብ ላይ ሆና ውጭውን አታይም። ስለዚህ ሌላ ሥራ ጨመረችልኝ፤ ዐይኗ መሆን። በየጧቱ «ሂጅና ወንዙን እይልኝ» ትለኛለች። ሄጄ አያለሁ፣ እመለሳለሁ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ውሃ ነው።»

«ጥሩ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አባዬ ጥሩ ነው አለ።»

«አባትሽን መቼ ጠየቅሁሽ? ውሃውን ነው። ምን ተሸክሟል?»

ከዚያ ወዲያ የተሸከመውን ማየት ጀመርሁ። ቅጠል። ጭራሮ። አንድ ቀን ደግሞ የድንች ተክል ከነሥሩ፣ ከነፍሬው። ደስታዬ! ውሃው ስጦታ ያመጣልን መስሎኝ እየሮጥሁ ገባሁ። «ከነሥሩ?» አለች እናቴ። ድንች በኛ ሜዳ አይተከልም፤ ከላይ ከደጋው ነው። ውሃው ደጋ ላይ የሰው ማሳ መንቀል ጀምሯል ማለት ነው። እሷ ይህን አልነገረችኝም። ድንቹንም ለቅሜ ባመጣው ኖሮ እያልሁ ቀኑን ሙሉ ሲቆጨኝ ዋለ።

መሸሽ የማናውቀው ነገር አልነበረም። አምና በዚሁ ወር አንድ የቀበሌ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ መጥቶ «ዛሬውኑ ውጡ፣ ርብ ሊሞላ ነው» አለን። ወጣን። ወረታ አንድ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተደራርበን ሰነበትን። እኔማ ወድጄው ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ ልብ ይጻፋል። ውሃው ግን ሳይመጣ ቀረ። ስንመለስ ጠባቂ ያጣ ከብት ሩዛችንን ግጦታል፣ ዶሮዎቻችን የሉም፣ የእትዬ ጦቢያ ድስት ሳይቀር ተወስዷል። አባዬ ማሳው መሀል ቁጢጥ ብሎ የተጋጠውን ሩዝ በመዳፉ ሲዳብስ አየሁት። ሲሳደብ አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ ግን የመሸሽ ነገር የተነሣ እንደሆነ «እንግዲህ ሰማዩ ራሱ ይንገረኝ» ነው መልሱ።

ዘንድሮም ያው ሰው ያንኑ ማጉያ ይዞ መጣ። ገና አፉን ሲከፍት አንዱ ጎረቤታችን «ደግሞ ዶሮ አማራችሁ?» ብሎ ጮኸበት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ምስኪኑ ሰው ጭቃ እስከ ጉልበቱ እንደያዘው ቆሞ ጠበቀን፤ ሳቁ አላቆም ሲል ማጉያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። እትዬ ጦቢያ ብቻ አልሳቁም። «ውሃም እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ብለው ገቡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጉና ጠቆረ። በኛ ላይ ፀሐይ ነው፤ ወዲያ ማዶ ግን ተራራው የለም፣ ደመናው ውጦታል። እኔ ለራሴ ሂሳቤ ቀላል ነበር። እኛ ዘንድ ደመና ከሌለ ዝናብ የለም፤ ዝናብ ከሌለ ደግሞ ውሃ ከየት ይመጣል?

«እምዬ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል!» እያልሁ ገባሁ።

«ጉናስ?»

«ጉና ጠፍቷል።»

የምትጠባውን ልጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት። ፊቷ ተለወጠብኝ። ምን ያጠፋሁ ይሆን አልሁ በልቤ።

በዚያው ሰሞን ጉንዳኖች ቤታችን ገቡ። ነጫጭ እንቁላላቸውን ተሸክመው ከወለሉ ተነሥተው በመደቡ ጠርዝ፣ በእናቴ ራስጌ አልፈው ወደ ጣራው ይወጣሉ። ሰው ሁሉ አራስ ጥየቃ ሲመጣ ነበርና እነሱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ፣ ልጆቻቸውን አዝለው የመጡ መሰለኝ። ለእናቴ ይህንኑ ነገርኋት። ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ዐይኗ እንባ ሞላ።

ያን ቀን አባዬን አስጠራችው። እኔ እግርጌዋ ተቀምጫለሁ፣ እትዬ ጦቢያ ምድጃው ዘንድ አጥሚት ያማስላሉ።

«ደሴ፣ መምሬን ጠይቅልኝ» አለች።

መምሬ አለልኝ የደብራችን ቄስ ናቸው፣ የንስሐ አባታችንም እሳቸው ናቸው።

«ምን ብዬ?»

«ውሃ የመጣ እንደሆነ እኔና ልጅቱ የት እንሁን ብለህ።»

«መልሱን እያወቅሁት ምን ብዬ ልጠይቅ? አራስ ሚስቴን ከነልጇ ቅጽር ላስገባ ልበላቸው? ሰውስ ምን ይለኛል?»

«እንግዲያ ወረታ ውሰደን።»

«ምን ሲባል!» አሉ እትዬ ጦቢያ ማማሰያውን አንሥተው። «በዚህ ክረምት ስንት ወራጅ አለ በመንገዱ? ሰውነቷ ሳይጠና ብርድ ይግባባት? ልጅቱንስ?»

«ቁሐር ሚካኤል ያለችው እኅቴ ዘንድስ?» አለች እናቴ።

«እኅትሽን ደረቅ ላይ ያለች አስመሰልሻት» አለ አባዬ። «እነሱም እንደኛው ውሃ ይተኛባቸዋል።»

 አጥሚቱ ብቻ ይንተከተካል።

«እንግዲያ ትርንጎን ይዘህ ውጣ» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «እኔ ቆጥ ላይ እወጣለሁ።»

«አፍሽን ዝጊ!»

አባዬ እናቴ ላይ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልጅቱ ደንግጣ አለቀሰች። እሱ ወጣ። ተከትዬው ብወጣ ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ ጭቃ በእጁ እየደለደለ ከበሩ ፊት ግድብ ይሠራል። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው። በቃ፣ ውሃው ከዚህ አያልፍም ብዬ ተደሰትሁ። አባዬ ግን ሲሠራ ቀና ብሎ አላየኝም። አሁን ሳስበው እያለቀሰ ነበር።

በነጋታው የሳቁት ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ከብቶቻቸውን ወደ ጉብታው ይነዱ ጀመር። «ወዴት ነው?» ሲባሉ «ለሣር ነው» ይላሉ። ለሣር! እዚያ ጉብታ ላይ ያለው ሣር ለአንዲት ፍየል ቁርስ አይበቃም። ማጉያውን ስቀውበት ሲያበቁ እንዴት ፈራን ይበሉ? ሚስቶቻቸውም እንስራና ቁና ተሸክመው «ከብቱን ላግዘው» እያሉ ተከተሉ። ሰው መሸሹን ለራሱ እንኳ ሳይነግር ነው የሚሸሽ። አባዬ ብቻ ምክንያት አጣ። ከብት ለሣር ይሄዳል፤ አራስ ለምን ትሄዳለች ይባል?

የቡሄ ዋዜማ ሲደርስ በዙሪያችን ጭስ የሚወጣበት ቤት የኛና የእትዬ ጦቢያ ብቻ ሆነ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው። ልጆቹ ሁሉ ጉብታው ላይ ናቸው፤ የጅራፋቸው ጩኸት ይሰማኛል፤ እኔ ደግሞ ከአራስ ጋር ታስሬያለሁ። አባዬ ማሳው ዘንድ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ደጃፉ ላይ ቆሜ ወደ ላይኛው ወንዝ ብመለከት፣ ችቦ! አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። እኔ ጮቤ ረገጥሁ።

«እምዬ! ላይኞቹ ልጆች ችቦ አበሩ! ብዛቱ!»

«እሰይ» አለች። ቡሄ ትወዳለች። «ነይ ንገሪኝ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ይሮጣሉ።»

«ወዴት?»

«ወደኛ። በወንዙ ዳር። አንዱ ሲደክመው ይቆማል፣ ሌላው ከዚያ ተቀብሎ ይሮጣል።»

«ይጨፍራሉ?»

ጆሮዬን ጣልሁ። «አይ። ጅራፍ ነው የሚያጮኹ። ደግሞ ኡኡ ይላሉ።»

እናቴ ከመደቡ ወረደች። በዚያ ሁሉ ቀን ያለ ደጋፊ ስትቆም ያን ጊዜ ገና አየኋት።

«እትዬ ጦቢያ፣ ቡሄ አይደለም።»

«ዋዜማው ዛሬ አይደል እንዴ?»

«በቡሄ ኡኡ የሚል ማን ነው?»

በዚህ መሀል አባዬ ገባ፤ እየሳቀ። «ዘንድሮ ልጆቹ አማረላቸው፣ አያችሁልኝ?» አለ። እናቴ ወደ ወለሉ ጠቆመችው። ከጎታው ሥር፣ ከመሬቱ ውስጥ፣ ውሃ እየፈለቀ ነበር። በበሩ አልመጣም። በየት እንደመጣ ሳናውቀው ቤታችን ውስጥ ነበረ፤ አባዬ የሠራው ግድብ ደግሞ ከውስጥ አላስወጣ ብሎ ያቆረው ጀመር። አባዬ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። በእግሩ ግድቡን ናደው።

ሁላችንም እትዬ ጦቢያን አየን። ያ ሁሉ ሕግ የእሳቸው ነዋ! ሴትየዋ ወደ መደቡ ሄዱ። ከዚያ ከትራሱ ሥር ቢላዋውን አወጡና እናቴ እጅ ላይ አስያዟት።

«ብረትሽን ያዥ። በስመ ሥላሴ በይ። ወራጁን ያሻገርሁሽ እኔ ነኝ፤ ኃጢአት ከሆነም በኔ ነው።»

ስንወጣ ሜዳው ሌላ ሜዳ ሆኗል። ውሃው አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ይሰፋል። እትዬ ጦቢያ በዱላ መሬቱን እየወጉ ቀደሙ። አባዬ ልጅቱን በጋቢ ደረቱ ላይ አስሮ ተከተለ። እኔን ቦራ በሚባለው በሬያችን ጀርባ ላይ አስቀመጡኝ፤ እናቴ ሻኛውን ይዛ ከጎኑ ትሄዳለች። መጀመሪያ ጉልበቷ ላይ ነበር። ቀጥሎ ወገቧ ላይ ሆነ። የሩዙ ጫፍ የተንጠለጠለ እግሬን ይነካኛል፣ እንጨት ይሁን እባብ ያልለየሁት ነገር በአጠገባችን ያልፋል። እናቴ ጥርሷ ሲፋጭ ይሰማኛል። ቢላዋው እጇ ላይ ነው፤ ምንም አታደርግበትም!

«እምዬ፣ ቁረጭው እንጂ!» አልሁ እያለቀስሁ።

«ምኑን?»

«ውሃውን!»

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ቢላዋውን ከፍ አድርጋ ውሃውን አንዴ መታችው። «ይኸው» አለችኝ። እመኑኝ፣ የሚጎድል መስሎኝ ነበር።

ጉብታው ሥር ስንደርስ ሰውም ከብቱም ከላይ ነው። የቅጽሩ አጥር የእንጨት ነው፤ ጉብታውን ከግርጌው ዙሪያውን ይዞታል። ውሃው አጥሩ ሥር ደርሷል። ከአጥሩ ወዲህ የአንዲት እግር ማሳረፊያ ደረቅ መሬት የለም። እናቴ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ወደ ባቷ ይወጣል።

«ነይ ግቢ!» አላት አባዬ።

«አልገባም።»

«እናኑ፣ ስለ ማርያም!»

«ስለ ማርያም ነው የማልገባው።»

ከላይ ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። አንዷ «ትግባ እንጂ ጎበዝ!» ትላለች፤ ሌላዋ «ቆይ፣ መምሬ ይምጡ» ትላለች። ማንም እጇን የሚይዝ ጠፋ፤ ነውሩን ሁሉም ይፈራዋል። ልጅቱ ጋቢው ውስጥ ማልቀሷን ተወች። አባዬ ጋቢውን ገልጦ አያት፣ ከዚያ እናቴን አያት፣ ከዚያ ደግሞ ውሃውን። እኔ ቦራ ላይ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ እዚህ አጥር ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየ ልትሰጥም ነው።

መምሬ አለልኝ ችቦ ይዘው ወረዱ። አጭር፣ ወፍራም፣ ሲስቁ ሆዳቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ግን አልሳቁም።

«ምንድን ነው? ሴትዮዋ ውሃ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

አባዬ አንገቱን ደፋ። «ይፍቱኝ አባቴ። አራስ ናት። ቅጽር አልገባም አለች።»

«ይህን ነገር ዛሬ ነው ያሰባችሁት?»

«ኧረ ከወለደች ጀምሮ ነው። ውሃ ቢመጣ የት እናድርጋት እያልን ስንጨነቅ…»

«ታዲያ ጠየቃችሁኝ?»

አባዬ ጋቢውን በልጅቱ ላይ አጠበቀ።

«ደሴ፣ አንተን ነው! መጥተህ ጠየቅኸኝ?»

«መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር አባቴ።»

«መልሱ የኔ አይደለም ወይ!» ብለው ጮኹ።  «እኔ እዚህ ተቀምጬ! ትንሽ ሲቆይ አስከሬን ልታመጡልኝ ነበር?»

ከዚያ ወደ እናቴ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ግቢ ብልሽ ትገቢያለሽ?»

«እርስዎ ካሉኝ እገባለሁ። ልቤ ግን ውጭ ይቀራል አባቴ። ነገ ልጄን አንድ ነገር ቢነካት በኔ ጦስ ነው እያልሁ ነው ዕድሜዬን የምኖር።»

መምሬ አዩዋት። ችቦውን ከፍ አድርገው አጥሩን አዩ፣ ከአጥሩ በላይ ያለውን ቁልቁለት አዩ፣ እዚያ መሀል የቆመችውን ወይራ አዩ።

«በሉ፣ አጥሩን ንቀሉ» አሉ።

ሰው ግር አለው።

«ምን ታያላችሁ? ይህን ጥግ ንቀሉና ወደ ውስጥ ግፉት! ከወይራዋ ወዲህ ያለው ከዛሬ ጀምሮ ቅጽር አይደለም፣ ውጭ ነው። አራስ ውጭ ብታድር የሚከለክል ሕግ የለም።»

እንዴት እንደዘለሉ! ያ «ዶሮ አማራችሁ» ያለው ጎረቤታችን ከሁሉ ቀድሞ ነበር። አንዱ ቋሚ ይነቅላል፣ አንዱ ሐረጉን በጥርሱ ይፈታል፣ ሴቶቹ እሾሁን በነጠላቸው ጠቅልለው ይጎትታሉ። አባዬ በባዶ እጁ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጣቶቹ ሲደሙ አያይም። እናቴ ውሃው ውስጥ ቆማ ትጠብቃለች፣ እትዬ ጦቢያ ከኋላዋ ደግፈው ይዘዋታል። አጥሩ ከወይራዋ በላይ ተተክሎ የመጨረሻው ሐረግ ሲታሰር መምሬ «አሁን ነይ» አሉ። ወጣች። ደረቁን መሬት ስትረግጥ ወይራዋ ሥር ተቀመጠች። አባዬ ልጅቱን አሳቀፋት። ልጅቱ ጡት አፏ ሲገባ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ጩኸት ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። መምሬ ጋቢያቸውን አውልቀው በአጥሩ ላይ ወረወሩላት።

እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም ነበር። «እምዬ፣ አሁን ውስጥ ነን ውጭ?» አልኋት።

«ውጭ ነን» አለች እያለቀሰች። «ውጭ ነን፣ ልጄ።»

ውሃው ሲጎድል ወደ ቤታችን ወረድን። ጣራው አለ። የጓዳው ግድግዳ ግን ወድቋል፤ የወደቀውም መደቡ ላይ፣ እናቴ ትተኛበት የነበረው ላይ። አባዬ ፍርስራሹን ለረዥም ጊዜ አየው። እትዬ ጦቢያ አማተቡና ከጭቃው ውስጥ ድስት ይፈልጉ ጀመር። ችቦውን ይዘው የሮጡት የላይኛው መንደር ልጆች እንደሆኑ ኋላ ሰማን። ሩቅ ላለ ሰው ድምፃቸው እንደማይደርስ አውቀው፣ ውሃው መምጣቱን ሊነግሩን ለቡሄ ያሰሩትን ችቦ አበሩ። ቡሄ መስሎን አብረናቸው እንደ ተደሰትን ማን ይንገራቸው?

ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ አባዬ አዲስ ቋሚ ጠርቦ፣ ሐረግ ቆርጦ ወደ ደብር ወጣ። እኔም አብሬው ነበርሁ። አጥሩ ከሩቅ ይታያል፤ ዙሪያውን ክብ ሆኖ መጥቶ ወይራዋ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ጎብጧል። መምሬ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አባዬ እንጨቱን አወረደና መስቀል ተሳለመ።

«መምሬ፣ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

መምሬ ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ። «እሰይ፣ ለመድህ። ጠይቅ።»

«አጥሩን ወደ ቦታው ልመልሰው?»

መምሬ ወደ ወይራዋ አዩ፣ ከወይራዋ ወዲያ ወደ ሜዳው፣ ወደ ርብ አዩ።

«ተወው ደሴ» አሉ። «ለከርሞም አራስ አትጠፋም።»